ብዙወርቅ ሐዲድ የታጠቀችበት እሑድ

ብዙወርቅ ሰይፈሥላሴ አቃቂ በሰቃ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት የምትተዳደር የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት። ልኬት ስትወስድ ወረቀት አትይዝም። የአንዱን ልጅ ትከሻ አንድ ጊዜ ከለካች፣ ልጁ ከዓመት በኋላ ሲመጣ ስንት ጣት እንዳደገ በዓይኗ ትነግረዋለች። ደንበኞቿ በዚህ ይደነቃሉ። በደልንም በዚያው ዓይነት እንደምትይዝ የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1981 ዓ.ም. ነው። አባቷ ሰይፈሥላሴ እንግዳወርቅ በባቡር ጣቢያው ሐዲድ ቀያሪ ነበር። ባቡሩን ከዋናው መስመር ወደ ጎን መስመር የሚያዛውረውን ከባድ የብረት ዘንግ በትእዛዝ ያነሣል፣ በትእዛዝ ይጥላል። አንድ ቀን ከቢሾፍቱ በኩል የመጣ የዕቃ ባቡር በዋናው መስመር ማለፍ ሲገባው ወደ ጎን መስመሩ ታጥፎ ከቆሙ ፉርጎዎች ጋር ተላተመ። ፉርጎው ላይ ሆኖ ጆንያ ሲያወርድ የነበረ ዘአማኑኤል የሚባል ወጣት ሞተ። ባቡሩን ይነዳ የነበረው የገዛ ታላቅ ወንድሙ ቀናው ነበር።

ዘንጉን ከፍቶ የረሳው የጣቢያው ሹም ፍቅሩ ነው። ለነጋዴ ወዳጁ አንድ ፉርጎ በቶሎ እንዲወጣለት ብሎ፣ ሰይፈሥላሴን ወደ ጣቢያው ማዶ ልኮ በገዛ እጁ ከፈተው። ወዲያው ስልክ ተጠራ፤ ገባ፤ በዚያው ቀረ። ይህን ያየች አንዲት ፍጥረት ብቻ ነበረች፤ የአባቷን ምሳ ቋጥራ ትመጣ የነበረችው የዘጠኝ ዓመቷ ብዙወርቅ። ያየችውን ተናገረች። «ልጅ ምን ታውቃለች!» ተብላ ከእድሩ ጉባኤ ፊት ተገፍትራ ወጣች።

ፍቅሩ በመርማሪዎቹም ሆነ በእድሩ ፊት የሰጠው ቃል አንድ ነበር። ዘንጉ ጓጉንቸር ኖሮት እንደማያውቅ፣ ጥበቃው የሰይፈሥላሴ እንደነበር፣ እርሱም ከፍቶ ትቶት እንደሄደ እጁን አንሥቶ ማለ። ጓጉንቸሩ በአደጋው ዕለት ከዘንጉ ላይ ጠፍቶ ነበር። ነጂዎቹና ጫኞቹ ዘንጉን የሚያዩት ከሩቅ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚቆለፍ በቅርብ የሚያውቁት ሹሙና ቀያሪው ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ የሹሙ ቃል ተወሰደ። ሰይፈሥላሴ ከሥራ ተባረረ። የባቡር ሠራተኞች እድርም ስሙን ከመዝገብ ፋቀው፤ ይፋቅ ብሎ እጁን መጀመሪያ ያነሣው ቀናው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሰይፈሥላሴ ሲሞት ድንኳን አልተተከለለትም፣ ለቀስተኛም አልተቀመጠለትም። ስድስት ሰዎች ሳሪስ አቦ ወስደው ቀበሩት። ጎረቤት በአጥር ቀዳዳ አየ።

ብዙወርቅ ካደገች በኋላ ያው እድር ለአካባቢው ሁሉ በሩን ሲከፍት ተመዘገበች። በሰው ሐዘን ሰሃን አጠበች፣ ወንበር ደረደረች። ፍቅሩ በእነዚያ ዓመታት የእድሩ ሰብሳቢ ሆኖ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አንቱ ይለዋል። እርሷም ትለዋለች፤ ግን በአፏ ብቻ ነው፣ በልቧ አንቱ ብላው አታውቅም።

በዚህ ዓመት እድሩ አዳራሽ ሠርቶ ጨረሰ። ጉባኤው አዳራሹ በሰብሳቢው ስም እንዲጠራ አሰበ፤ እብነ በረዱም ተቀረጸ። ጽሑፉን ብዙወርቅ መጋረጃ ልትለካ በገባችበት ቀን አነበበችው። ከፍቅሩ ስም በታች «በ1981ቱ አደጋ በሌላው ቸልተኝነት የደረሰውን ጥፋት በቆራጥነት የገቱ» ይላል። ሜትሯን ጠቅልላ ወጣች። የአባቷን ስም ማንም አልጻፈውም፤ ግን «ሌላው» ማን እንደሆነ የማያውቅ አቃቂ ውስጥ አልነበረም። ቃል ይረሳል፣ ወረቀት ይበላል፤ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ነገር ግን የልጅ ልጅ ያነበዋል። ምርቃቱ ሁለት ወር ቀርቶታል።

በሳምንቱ ፍቅሩ የድሮ የሹምነት ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ወደ ሱቋ መጣ።

«የሰይፈሥላሴ ልጅ አይደለሽ?»

«ነኝ ጋሼ። ይግቡ።»

«ይህን አጥብቢልኝ። ለምርቃቱ ልለብሰው ነው። ሥጋዬ ሄዷል፤ ኮቱ ግን እንዳለ ነው።»

ኮቱን አልብሳ በስፒል ትወጋጋው ጀመር። የወደቀውን አዝራር ልትተክል ጣቷን ስታሳርፍ እጇን ያዘው።

«የት ልታደርጊው ነው?»

«ከነበረበት ነዋ።»

«የነበረበት ስህተት ነው። ያን ጊዜ የሰፋው ሰውዬ ተሳስቶ ነበር። ከላይኛው አራት ጣት ይውረድ፤ ደንቡ አራት ጣት ነው።»

«ማን ሊለካው ነው ጋሼ? መሥሪያ ቤቱ እንኳ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ!»

«እኔ እለካዋለሁ!» አለና ድምፁን አለሰለሰ። «አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም። ዝንጉ ነበር እንጂ። ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ቢለምን ኖሮ እድሩ ይመልሰው ነበር። እኔ ራሴ እናገርለት ነበር።»

ብዙወርቅ በከንፈሮቿ መካከል አራት ስፒል ይዛ ነበር። አንድ በአንድ አወጣቻቸውና ኮቱ ላይ ሰካች። ሲሄድ በሩ ድረስ ሸኘችው፤ እግዜር ይስጥልኝ አለችው።

በዚያ ከሰዓት በኋላ አንድም ዩኒፎርም አልሰፋችም። መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ሰውየውን በልቧ ለካችው። ይህ ሰው በሐሰት የማለው ሁለት ጊዜ ነው፤ በጣቢያው ደንብ የኖረው ግን ሃያ አራት ዓመት ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው የዋሸውን ይረሳል፣ የሠራበትን አይረሳም። አራት ጣት የሳተ አዝራር ያላሳለፈ ሰው ሌላስ ስህተት ቢያይ ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል?

የምርቃቱ ኮሚቴ እያንዳንዱ እድርተኛ የባቡሩን ዘመን የሚያስታውስ አንዳች ነገር ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ አሳስቦ ነበር። አንዱ ፋኖስ፣ አንዱ ፎቶግራፍ፣ አንዱ የአባቱን ባርኔጣ አመጣለሁ ብሏል። ብዙወርቅ በማግስቱ ሄዳ ተመዘገበች።

«ምን ይዘሽ ትመጫለሽ?» አሏት።

«ጣቢያውን።»

«ጣቢያውን? በምን ተሸክመሽ?»

«ለብሼው ነው የምመጣ።»

ሳቁባት። እርሷም አብራቸው ሳቀች።

ከሱቋ ጎን የሚሠራው በያጅ ጂራታ ነው። ሐሳቧን ስትነግረው መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ ከላይ እስከ ታች ተመለከታት።

«እና ወገብሽን የሚዞር ክብ ብረት ፈለግሽ። ስድስት ፌሮ ላድርግልሽ?»

«ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የማቆም መሰለህ? የምለብሰው እኮ ነው!»

«ባቡር የሚለብስ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ ብዙዬ። እኛ ዘንድ ባቡር የሚታወቀው ሲበላ ነው። የአባቴን በሬ በልቶ ፊሽካውን እየነፋ አልፏል።»

«በሬው ሐዲድ ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

«ሐዲዱ ነዋ አባቴ ማሳ ላይ ምን ይሠራ የነበረው!»

ተሳስቀው ሲያበቁ ሥራ ጀመሩ። ጂራታ የተጣለ የቬንትሌተር ሽቦ ፈትቶ አንዱን ቀለበት ለወገቧ፣ ሌላውን ሰፋ አድርጎ ለዳርቻው አጠፈው፤ ሁለቱን በጃንጥላ ዘንጎች አገናኘ። እርሷ ከላዩ ስፖንጅ ዘርግታ በአረንጓዴ ጨርቅ ለበጠችው። ሐዲዱና ባቡሩ መርካቶ የተገዛ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ የልጆች መጫወቻ ነበር። ቀዩን ቀለም በምላጭ ፍቃ በአሮጌው ባቡር ቀለም አስዋበችው። የአቃቂን ወንዝ ከሰማያዊ የሳቲን ገበር፣ ባሕር ዛፎቹን ከጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ፣ የጣቢያውን ቤት ከጫማ ካርቶን ሠራች። በግራዋ የረር፣ በኋላዋ ዝቋላ ቆሙ። የጣቢያውን ደወል ከጆሮ ጌጧ አወጣችው። የመስኮቱን ብዛት፣ የውሃ ጋኑን ቦታ፣ የጎን መስመሩ የሚታጠፍበትን ስፍራ ማንንም አልጠየቀችም። ያን ምሳ ይዛ የቆመችበት ቦታ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዓይኗ አልጠፋም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለብሰው ጣቢያው ወደ ፊት ዘመመና ባቡሩ ከወገቧ ተንሸራትቶ ጂራታ እግር ሥር ወደቀ።

«ይኸው! ደግሞ እኔን ሊበላ!» አለ ጂራታ ወደ ኋላ ዘሎ።

ባትሪዎቹን ወደ ጀርባዋ አዛውራ ክብደቱን አስተካከለች፤ ከአሮጌ የተማሪ ቦርሳ ሁለት ማንገቻ ቆርጣ በትከሻዋ አሳለፈች። ባቡሩ ሐዲዱን እንዳይስት አተነፋፈሷንም መግራት ነበረባት። ሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ከሱቋ በር እስከ ቧንቧው በአጫጭር እርምጃ ተመላለሰች። የሰፈሩ ሴቶች በጀሪካኖቻቸው ላይ ተቀምጠው ያዩዋት ነበር። «አቃቂ ደረሰ! የሚወርድ ውረድ!» ይሏታል። አትቆጣም።

በመጨረሻ ለሐዲድ መቀየሪያው ዘንግ ከአሮጌ ሻንጣ የተነቀለች ትንሽ ጓጉንቸር ሰቀለችለት። በጣም ታምራለች። ጂራታ አጎንብሶ አይቶ፣ «አሁን ምንም አልጎደለውም» አለ።

ብዙወርቅ ጓጉንቸሯን ነቅላ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻት።

«ምነው?»

«ይጉደል።»

«ልፋትሽን ታበላሺዋለሽ እኮ!»

«ሁሉን ልክ ያደረግሁት ይህን አንዱን ላጎድለው ብዬ ነው» አለችው። ነገሩን ሁሉ ያን ጊዜ ነገረችው። ጂራታ ሰምቶ ሲያበቃ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እና ዝም ቢልስ? ባያነሣውስ?» አለ።

«ዝም ካለ እብነ በረዱ ይሰቀላል። እኔም ሥሬን ነቅዬ ከአቃቂ እወጣለሁ።»

የምርቃቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እብነ በረዱ በአረንጓዴ ጨርቅ እንደተሸፈነ ከመድረኩ ጎን ቆሟል። ብዙወርቅ ባቡሯን አስነሥታ ስትገባ እልልታው ጣሪያውን አነቃነቀው። ባቡሩ በሆዷ ፊት አልፎ፣ በጎኗ ተጠምዝዞ፣ ከጀርባዋ ጠፍቶ ተመልሶ ይመጣል።

«እስቲ ዙሪልን!»

«ዝቋላ ከኋላዋ ነው፤ ተቀምጣ እንዳታፈርሰው ወንበር እንዳትሰጧት!»

አዛውንቶቹ የባቡር ሠራተኞች ከፊት ወንበራቸው እየተነሡ ከበቧት። አንዱ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ የውሃ ጋኑን ይነካል። ሌላው መስኮቶቹን ቆጥሮ አንገቱን ይነቀንቃል። ከሁሉ ኋላ ፍቅሩ በከዘራው መጣ። ኮቱን ለብሷል፤ አዝራሩ አራት ጣት ወርዷል። መነጽሩን አስተካክሎ አጎነበሰ።

«ጋኑ ልክ ነው። ደወሉ... ልክ ነው። የጭነቱ መድረክ ትንሽ አጥሯል፣ ይሁን፣ ይታለፋል።» ጣቱ ሐዲዱን እየተከተለ ሄደና የጎን መስመሩ ከሚታጠፍበት ዘንግ ላይ ቆመ። ፊቱ ተኮሳተረ። «ይህ ግን ስህተት ነው።»

«ምኑ ጋሼ?»

«ጓጉንቸሩ የለም።»

ብዙወርቅ ባቡሩ እንዳይስት አልተነቃነቀችም። «ጓጉንቸር ነበረው እንዴ?»

«ነበረው ወይ? ምን ማለትሽ ነው! የነሐስ ጓጉንቸር፣ ይህን የሚያህል! ያለ ጓጉንቸር ዘንግ በየትኛው አገር አለ? መንገደኛ ሁሉ እየመጣ ሊጎትተው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ቀያሪው ነዋ እየከፈተ የሚዘጋው?»

«ቀያሪ ቁልፍ አይዝም! ቁልፉ አንድ ነው። እርሱም ከዚህ» አለና የገዛ አንገቱን በመዳፉ መታ፤ «ሃያ አራት ዓመት ከዚህ አልተለየም። ስታጠብ እንኳ አላወልቀውም ነበር። ቀያሪ ዘንጉን የሚነካው እኔ ስከፍትለት ብቻ ነው!»

«ይህን ወጣቶቹ አያውቁም፤ ይንገሩልኝ» አለችና ከመድረኩ ጠርዝ ማይክሮፎኑን አንሥታ አቀበለችው።

ተቀበላት። ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ስለ ጓጉንቸሩና ስለ ቁልፉ አንድም ሳያጎድል ደገመው። በአራቱ ማዕዘን ያሉት ድምፅ ማጉያዎች ቃሉን ተቀባበሉት። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። የፊተኞቹ ወንበሮች ግን አላጨበጨቡም።

ጋሽ ቀናው በከዘራቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን የባቡር ነጂ ድምፅ ነው፤ ማይክሮፎን አልፈለገም።

«ፍቅሩ። ያን ጊዜ ዘንጉ ጓጉንቸር ኖሮት አያውቅም ብለህ ምለህልን ነበር።»

 የባቡሩ መንኮራኩር ብቻ በብዙወርቅ ወገብ ዙሪያ ጠቅ ጠቅ ይላል።

«የወንድሜ መቃብር አፈሩ ገና ሳይደርቅ ነው የማልኸው» አሉ ጋሽ ቀናው።

«ያ... ያን ሰሞን ተሰብሮ ነበር፣ ቀናው...»

«አሁን ሃያ አራት ዓመት አልተለየኝም አልክ!»

«እርጅና ነው እኮ ወንድሜ፣ ሰው ይቀላቅላል...»

«ቁልፉ አንተ አንገት ላይ ከነበረ ማን ከፈተው?»

ፍቅሩ ማይክሮፎኑን ከአፉ ማራቅ ረስቶት ነበርና ትንፋሹ በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። ብዙወርቅ እጇን ወደ ጉያዋ ሰድዳ ትንሿን ጓጉንቸር አወጣች፤ ሰው ሁሉ እያያት ዘንጉ ላይ ሰቀለቻት።

«እኔ ነግሬያችሁ ነበር» አለች። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ነግሬያችሁ ነበር።»

እብነ በረዱ ሳይገለጥ ቀረ። አዳራሹም ያለ ስም ተመረቀ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ ቀናው ከእነርሱ ተለይተው ብቻቸውን ቀድመው መጥተው ነበር፤ በጫንቃቸው ድንጋይ ተሸክመዋል። ብዙወርቅ ድንጋዩን ተቀብላ አወረደችላቸው። «ለአባቴ ድንኳን ይተከላል። እርስዎ በእጅዎ ይትከሉት፣ ከዚያ ስለ ይቅርታው እንነጋገራለን» አለቻቸው። አለቀሱና እሺ አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ይዘውት የመጡትን ዘረዘሩ። ፍቅሩ በቤቱ ሆኖ ይቅርታ ይጠይቃል። ከሰብሳቢነቱም ይወርዳል። የሰይፈሥላሴ ስም በመዝገብ ይመለሳል። ብዙወርቅ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ «ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ የሚያልቅ ነው» አለች። «አባቴ የተዋረደው በየበሩ ነው። እድራችን ሰው ሲሞት ጥሩምባ አስነፍቶ በየመንደሩ ያስለፍፋል። ለአባቴ አልተለፈፈለትም። ጋሽ ፍቅሩ ራሱ ጥሩምባውን ይዞ ይልፈፍ። የሚለውን ቃል እኔ እሰጠዋለሁ።» አንቱ ማለቱን ያን ዕለት ነው ያቋረጠችው።

«ልጄ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው» አላት አንዱ።

«አባቴ አምሳም አልሞላውም ነበር።»

ፍቅሩ አራት ቀን እምቢ አለ። በእነዚያ አራት ቀናት እድርተኛ ቤቱን አልረገጠም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ። ያለ እድር መቅረት ምን እንደሆነ እርሱ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በአምስተኛው ቀን ገና ፀሐይ ስትወጣ ጥሩምባውን ይዞ በአሮጌው የጣቢያ መንገድ ተገኘ። ብዙወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከኋላው ቆመች። ጂራታም ሐዘንተኛዋን ብቻዋን አልተውም ብሎ መጣ።

ጥሩምባው አንዴ ተንፈቅፍቆ ሁለተኛው ላይ ጮኸ። በሮች ተከፈቱ።

«የእድራችን አባል አቶ ሰይፈሥላሴ እንግዳወርቅ አርፈዋል!» አለ ፍቅሩ። «ንጹሕ ሰው ነበሩ! ዘንጉን የከፈትሁት እኔ ነኝ!»

በመጀመሪያው መንደር አለ፤ በሁለተኛው አለ፤ በወፍጮ ቤቱ ደጅ አለ። በየበሩ የቆሙት ሴቶች አንዳንዶቹ ደረታቸውን መቱ፤ አንዳንዶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ወደ ሰባተኛው መንደር ሲጠጋ ድምፁ ተሰነጠቀ። አጥር ተደግፎ ቆመ።

«ይብቃሽ እንግዲህ፣ ብዙዬ» አላት ጂራታ በሹክሹክታ። «ሰው ነው።»

 ብዙወርቅ ከአንድ ደጅ በርጩማ ለምና አመጣችና ፍቅሩን በክንዱ ደግፋ አስቀመጠችው። በብርጭቆ ውሃ አስመጥታ እስኪጠጣ ጠበቀችው። ሰዎች ተያዩ፤ ልቧ የራራ መሰላቸው። ትንፋሹ ሲመለስ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለች፤ ከመሬት ጥሩምባውን አንሥታ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ተነሥ» አለችው። «ከወንዙ ማዶ ያሉት ገና አልሰሙም።»